430 ስልክ ቁጥር ይዤ የቱን የመልእክት መላኪያ ልምረጥ?

ጥያቄው የመጣው ጅማ ውስጥ ቤት ከምታሻሽጥ ሴት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ውስጥ ቤትና ቦታ አሻሽጣለሁ። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የደወሉልኝን፣ ቤት ያሳየኋቸውን፣ ‹ሲገኝ ንገሪኝ› ያሉኝን ሰዎች ስልክ አስቀምጫለሁ፤ 430 ገደማ ይሆናል። አንድ ልጅ በአንዴ ለሺህ ሰው ቴክስት የሚልክ ሲስተም ልሽጥልሽ ብሎኛል። 20 ሺህ የጅማ ስልክ ቁጥርም አብሮ ይሰጠኛል። ልግዛው? እሱ ካልሆነስ ምን ልጠቀም? ቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ግን ሰው አይቶ ዝም ይላል።»

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትልቁ ነገር ያለው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። «ሰው አይቶ ዝም ይላል» ብለሻል። መላክ አላቃተሽም፤ ያጣሽው መልስ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መላኪያ ከመግዛትሽ በፊት ሻጩን ይህን ጠይቂው፦ ፈላጊዬ መልስ ሊጽፍልኝ ቢፈልግ መልሱ የት ይገባል? ማን ያየዋል? በስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ የሚንተባተብ ሲስተም ስንት ሺህ ቢልክ ለአንቺ ሥራ አይሆንም።

የ20 ሺሁን ቁጥር ነገር በቅድሚያ እንጨርሰው። አትግዢው። በነፃ ቢሰጥሽም አትውሰጂው።

እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን ለአንቺ አልሰጡም። የሆነ ቦታ ለሌላ ጉዳይ ፎርም ሞልተው፣ ከዚያ ተገልብጦ ነው በፍላሽ የሚዞረው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኢሜይልና በመሰል አድራሻ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ መበተንን ወንጀል አድርጎታል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ መኖሩን፣ ተቀባዩም በቀላሉ «ይቅርብኝ» የሚልበት መንገድ ማግኘቱን ይመለከታል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰው ስልክ ቁጥር እንደ ሸቀጥ የሚቸረቸርበት ጊዜ አልፏል።

ሕጉን ለጊዜው እንተወውና በሥራሽ ዓይን እዪው። ቤት የሚገዛ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ነው የሚያወጣው። የማያውቀው ቁጥር «ፈጥነው ይግዙ» ሲለው መጀመሪያ ትዝ የሚለው «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ የሚያጭበረብረው ሰው ነው። ጅማ ደግሞ ወሬ የሚዘዋወርባት ከተማ ናት። አንዴ «ያቺ በቴክስት የምትነዘንዘው» ከተባልሽ፣ መርካቶ ቡና ስትጠጪ ሳይቀር ይከተልሻል።

በእጅሽ ያሉት 430 ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ደውለውልሻል። አዲስ አበባ ያሉት የሪል እስቴት ሻጮች «ሊድ» ይሏቸዋል፤ እኛ ፈላጊ እንበላቸው። ከ20 ሺህ የማይታወቅ ስልክ ይልቅ ባለፈው ዓመት እዚያው ጅማ ጅሬን ሰፈር ወጥተው ግቢ ያዩ 40 ሰዎች ይበልጡብኛል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። 430 ሰው ማለት ሦስት ሠራተኛ በእጁ ሊይዘው የሚችለው ልክ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው።

በጅምላ የሚልኩ ሲስተሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በቴሌኮም ኩባንያው በኩል የሚሄደው ነው። ሰው ስልክ ላይ ቁጥር አይታይም፤ የድርጅቱ ስም ይወጣል። ስሙ በላቲን ፊደል እስከ 11 ፊደል ድረስ ብቻ ይይዛል። ያምራል፤ ትልቅ ድርጅት ያስመስላል። ችግሩ ለእንዲህ ያለ ስም መልስ መጻፍ አይቻልም። ሰውዬው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ቢጽፍ የትም አይደርስለትም። ስልክሽን መልእክቱ ውስጥ ብታስገቢም፣ ከመልእክቱ ወጥቶ፣ ቁጥሩን ይዞ እስኪደውል ድረስ ግማሹ ሐሳቡን ይቀይራል። መልስ የሚቀበል አጭር ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ ግን ከኩባንያው ጋር ውል፣ ክፍያና የወረቀት ሥራ አለው። ይህ መንገድ ለባንክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ወይም ሺህ ቤት እየገነባ «ሦስተኛው ዙር ክፍያ ደርሷል» ለሚል ትልቅ አልሚ ነው። እነሱ መልስ አይፈልጉም። አንቺ የምትኖሪው በመልስ ነው።

ልጁ ሊሸጥልሽ ያሰበው ሁለተኛው ዓይነት ይመስለኛል። ስልክ ላይ አፕ ይጫናል፤ የኤክሴል ዝርዝር ትሰጪዋለሽ፤ ከራስሽ ሲም ላይ አንድ በአንድ ይልካል። ይህኛው ጥሩ ጎን አለው። መልእክቱ የሚደርሰው ከራስሽ ቁጥር ስለሆነ ሰው ሊመልስልሽም ሊደውልልሽም ይችላል። የእያንዳንዱን ሰው ስም አስገብቶ የሚልክም አለ።

ግን ልብ በዪ። አንድሮይድ ስልክ አንድ አፕ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መልእክት ሊልክ ሲሞክር ያስቆምና ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅሻል። ስለዚህ «በአንዴ ለሺህ ሰው» የሚለው ወሬ ላይ አትመኪ። ከአንድ የግል ሲም በመቶዎች የሚቆጠር ተመሳሳይ መልእክት ሲጎርፍም የስልክ ኩባንያው ሲሙን ሊዘጋብሽ ይችላል። ሲሙ ከተዘጋ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቁጥርሽ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አፑ ሲጫን «መልእክት እንዳነብና እንድልክ ፍቀጂልኝ» ይላል። ስትፈቅጂ የባንክሽን የማረጋገጫ ኮድ፣ የቴሌብርሽን መልእክት፣ ሁሉንም ማንበብ ይችላል ማለት ነው። በተለይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ፣ በቴሌግራም እንደ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ) ፋይል የሚላክ አፕ ከሆነ ማን እንደሠራው እንኳ አታውቂም። ገንዘብሽ ባለበት ስልክ ላይ እንዲህ ያለ አፕ በፍጹም አትጫኚ። የግድ መሞከር ካማረሽ፣ ርካሽ ስልክ ግዢና የባንክ ሥራ በማይሠራበት ሲም ብቻ ሞክሪው። እባክሽ ይህችን አትለፊያት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ገንዘቡን የሚበላበትን ነገር ላሳይሽ። የፊደል ቁጥር ነው።

አንድ ቴክስት በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ግን 70 ብቻ ነው። ባዶ ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ ቁራጮቹን መልሶ ለማገጣጠም ትንሽ ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ሰውዬው ስልክ ላይ እንደ አንድ መልእክት ተገጣጥሞ ይታያል፤ ክፍያው ግን በቁራጭ ነው። እንግሊዝኛ መልእክት ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

አንድ የቤት ወኪል በጅምላ ሊልክ ያዘጋጀውን መልእክት አሳይቶኝ ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኛችን! በጅማ ከተማ እጅግ ማራኪ በሆነ ቦታ ላይ የተሠራ ዘመናዊ መኖሪያ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ለሽያጭ አቅርበናል። ውሃና መብራት የገባለት፣ ለዋናው መንገድ ቅርብ የሆነ። ዕድሉ ሳያመልጥዎ አሁኑኑ ይደውሉ!»

አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርነው። 134 ሆነ። ሁለት ጊዜ 67 ማለት ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትጨመርበት ሦስት መልእክት ይሆናል። እሱም ስልኩን ገና አልጻፈበትም ነበር። ስልኩን ሲጨምርበት 145 ሆነና ወደ ሦስት ዘለለ። ለአንቺ 430 ሰው ቢላክ 1,290 መልእክት ተከፈለበት ማለት ነው። ይህን ያህል ተከፍሎበት ደግሞ ምን ይላል? ስንት ካሬ እንደሆነ የለም። የት ሰፈር እንደሆነ የለም። ካርታ ይኑረው አይኑረው አልተጻፈም። ገዢ የሚፈልገው አንድም ነገር የለበትም።

አሁን ይህን እዪው፦

«ሰላም ጋሼ፣ ጅሬን 200 ካሬ ቤት ተገኘ፤ ካርታ አለው። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላሳይዎት?»

52 ፊደል ነው። ስምሽን የምትጽፊበት 18 ቦታ ይተርፍሻል። አንድ ቁራጭ፣ አንድ ክፍያ። ትልቁ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ያለው ጥያቄ ነው። ሰው ለጥያቄ ይመልሳል። «ይደውሉ» ለሚል ትእዛዝ ግን ዝም ይላል። ቻናልሽ ላይ ያጋጠመሽ ዝምታም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ የምትናገሪው ለሁሉም ነው፣ ማንንም አልጠየቅሽም።

አፋን ኦሮሞ ለሚቀላቸው ደንበኞችሽ በአፋን ኦሮሞ ጻፊ። ጅማ ውስጥ እየሠራሽ ለሁሉም በአማርኛ ብቻ መላክ ልክ አይደለም። ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ 160 ፊደል ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሁዻ የምንላት፣ በሁለት ፊደላት መካከል የምትገባዋ ትንሽ ጭረት አለች አይደል? ቀጥ ያለችዋ ጭረት ችግር የለባትም። አንዳንድ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ግን ራሱ ያጎብጣታል። የጎበጠችዋ ጭረት ከተለመዱት የቴክስት ምልክቶች ውስጥ ስለሌለች መልእክቱን በሙሉ ከ160 ወደ 70 ታወርደዋለች። ለዓይን አትታወቅም። ሒሳቡ ሲመጣ ነው የምትታወቀው። መልእክቱን ዎርድ ላይ ጽፈሽ ገልብጠሽ ከምታመጪ፣ በቀጥታ ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ ከዚያም ቆጣሪውን እዪ። ብዙ ስልክ ስትጽፊ ጥግ ላይ የቀረውን ፊደል ያሳያል።

ስለ ሰዓት ደግሞ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ለአንድ ደንበኛዬ መልእክት በቀጠሮ የሚልክ ሲስተም አዘጋጀሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ፈልገን ነበር። እኔም ቸኩዬ 3:00 ብዬ ሞላሁት። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። መልእክቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሄደ። ጠዋት አንድ አዛውንት ደወሉ። «ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ስልኬ ሲጮህ መርዶ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ልጃቸው ሩቅ አገር ነው ያለው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እስከ ዛሬ ግን ድምፃቸው ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የቀጠሮ መልእክት መጀመሪያ ለራሴ ስልክ ሳልክ ለሌላ ሰው ልኬ አላውቅም። አንቺም የምትገዢው ሲስተም በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጥር ሞክረሽ እዪ። አንዳንዱ የተሠራበትን አገር ሰዓት ይዞ ነው የሚመጣው።

ጥሩ ሰዓት ማለት ደግሞ ሌሊት አለመሆኑ ብቻ አይደለም። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ነው፤ አትላኪ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አትላኪ። በረመዳን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት የቤት ወሬ የሚያነብ የለም። ከአጋሮ፣ ከጎማና ከሊሙ የሚመጡት ገዢዎችሽ ደግሞ ኑሯቸው ከቡና ጋር ነው። ለቀማው ላይ ሲሆኑ ጊዜም የላቸውም፣ ብሩም ገና አልገባም። እኔ ብሆን የግዢውን መልእክት ቡናው ተሸጦ እጃቸው ላይ ገንዘብ እስኪገባ፣ እስከ ጥርና የካቲት ድረስ እይዘዋለሁ። በለቀማው ወራት ስለ ጤናቸው ጠይቄ እለፍ ብል ይሻለኛል።

እንግዲህ ምን ተጠቀሚ እላለሁ? እጅሽ ላይ ካለው ጀምሪ።

አንድሮይድ ስልክ ላይ የጉግል መልእክት አፕ አለ። ነፃ ነው። ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለሽ ስትይዢ ቀንና ሰዓት ቀጥረሽ መላክ ትችያለሽ። ስልኩ በሰዓቱ ክፍት ሆኖ ኔትወርክ ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝተሽ በትልቅ ኪቦርድ መጻፍ ይቻላል። ለቀን 25 ሰው በእጅ መላክ ከዚያ በኋላ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ግን እዚያው አፕ ላይ አንድ አደጋ አለ። ብዙ ሰው በአንዴ መርጠሽ ስትልኪ ስልኩ እንደ ቡድን ሊቆጥረው ይችላል። ያን ጊዜ ሁሉም የሁሉንም ቁጥር ያያል፤ አንዱ የመለሰው ለሁሉም ይደርሳል። ገዢና ሻጭ አንድ ላይ ገብተው አንቺን ዘልለው የተዋወቁ ዕለት ድካምሽ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ከዚያም በላይ ደንበኛሽ ስልኩ ለማያውቀው ሰው መታየቱን አይወድም። ለአንድ ሰው አንድ መልእክት ላኪ። የቴሌግራም ግሩፕም እንደዚሁ ነው። ግሩፕ ውስጥ አባላቱ ይተያያሉ፤ ሌላ ደላላ ገብቶ አንድ በአንድ ሊያናግራቸው ይችላል። ቻናል ውስጥ ግን ተከታዮቹን የምታያቸው አንቺ ብቻ ነሽ። ቻናል መክፈትሽ ልክ ነበር።

ቻናልሽን እንደ ሱቅ መስኮት ያዢው። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ካሬ፣ ዋጋ እዚያ ይቀመጥ። ቴክስቱ በር ያንኳኳል፣ ሰው ሲመልስ ፎቶውን በቴሌግራም ትልኪለታለሽ። ሊንኩን ግን በመጀመሪያው ቴክስት አትላኪ። ሰው ሊንክ ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። «ፎቶ ልላክልዎት?» ብለሽ ጠይቂ፣ እሺ ካለ በኋላ ላኪ። በቴሌግራም ለማያውቁሽ ሰዎች በጅምላ መጻፍም አትሞክሪ። ሰዎች ሪፖርት ካደረጉሽ ቴሌግራም ለማያውቁሽ ሰዎች እንዳትጽፊ ያግድሻል። «ቦት ሠርቼልሽ ለሁሉም ይልክልሻል» የሚልሽ ካለም፣ ቦት (በቴሌግራም ላይ ራሱ መልእክት የሚልክና የሚመልስ ፕሮግራም) ሰውዬው ራሱ ከፍቶ ካልጀመረው ማንንም ቀድሞ ማናገር አይችልም።

ውጭ አገር ላሉት፣ በተለይ አረብ አገር ሆነው ለቤተሰብ ቤት ለሚገዙት፣ ዋትስአፕ ይሻላል። የንግድ ዋትስአፑን ጫኚ፤ ነፃ ነው፤ ደንበኞችን በቀለም ትለያያለሽ፣ ቶሎ መልሶችን ታስቀምጫለሽ። በአንድ የመላኪያ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል። የሚደርሰው ግን ስልክሽን መዝግበው ለያዙት ብቻ ነው። አንድ ሰው «አልደረሰኝም» ካለሽ መጀመሪያ «ቁጥሬን መዝግበሽዋል?» ብለሽ ጠይቂ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ፣ እዚያ ላሉት በድምፅ ቀድተሽ ላኪ። እህት ወንድሞቻችን ሥራ ውለው ማታ የሚሰሙት እሱን ነው። የሰው ድምፅ ሲሰሙ ደግሞ ያምናሉ።

ከማንኛውም አፕ በላይ የሚያስፈልግሽ ንጹሕ ዝርዝር ነው። 430ውን ቁጥር ኤክሴል ላይ አስፍሪ። ስም፣ ስልክ፣ የሚፈልገው ሰፈር፣ የሚችለው ዋጋ፣ ቋንቋ፣ መጨረሻ የተነጋገራችሁበት ቀን፣ ምን እንዳለ። መጠሪያውንም ጻፊ፤ ጋሼ ነው፣ ሃጂ ነው፣ እትዬ ናት። ሃጂ የሚባሉትን ሰው «ውድ ደንበኛችን» ብሎ መጥራት በር መዝጋት ነው።

ቁጥር ስታስገቢ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይበላዋል። 09 ብለሽ ጻፊ፣ 9 ሆኖ ታገኚዋለሽ። በ251 ብትጀምሪ ደግሞ አሥራ ሁለት አሃዝ ስለሚሆን 2.51 የሚል የተቆረጠ ቁጥር አድርጎ ያሳይሻል። መጀመሪያ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሪው፣ ከዚያ ሁሉንም በ+251 ጀምሪው። 07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ቁጥሮችም አትርሺ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይኖርም አጣሪ። አንድ መልእክት ሁለቴ የደረሰው ሰው በማሽን እየተላከለት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ከዚያ የመጀመሪያው መልእክትሽ ስለ ቤት አይሁን። ፈቃድ ጠይቂ፦

«ሰላም፣ ቤት ፈልገው ደውለውልን ነበር። አሁንም ይፈልጋሉ? 1 አዎ፣ 2 ይቅር ብለው ይመልሱልን።»

60 ፊደል ነው፤ ስም ለመጨመር 10 ቦታ አለሽ። በቁጥር እንዲመልሱ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ቁልፍ ባለው ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቸገራል። 1 መጫን ግን ማንም አያቅተውም። በቀን 25 ብትልኪ በ18 ቀን ታዳርሻለሽ። ለሦስት ተከፋፍላችሁ ለየሰዉ ስምንት ስምንት ይደርሳል። «2» ያለውን ቀይ ቀቢው፣ ለሌሎቹም ባልደረቦችሽ ንገሪ፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይልክለት። ይህን ዝርዝር አክብሪ። «አልፈልግም» ያለ ሰው ከተከበረ፣ ቤት የሚፈልግ ዘመድ ሲኖረው ወደ አንቺ ይልካል።

«1» ላለው ደግሞ ቶሎ ደውይ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው የወጣ የአሜሪካ ድርጅቶች ጥናት አለ። ለጠያቂ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምላሽ የሰጡት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ካዘገዩት ይልቅ ቁም ነገር ያለው ንግግር የመጀመር ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ገደማ ነበር። አገሩ ቢለይም የሰው ጠባይ ያው ነው። ለዚህ ነው በቀን ከ25 አትለፊ የምልሽ። 430ውን በአንድ ጠዋት ብትልኪ፣ 60 ሰው በአንዴ ቢመልስ፣ ሦስት ሆናችሁ ማንን ታናግራላችሁ? አርባው ሲጠብቅ ውሎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ የቤት ወኪሎች የሚያወድሷቸውን ሲስተሞች አይተሽ ሊሆን ይችላል። ጥሩዎች ናቸው፤ ለእነሱ። የተሠሩት በአሜሪካ ቁጥርና በአሜሪካ ሕግ ላይ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ ለተላከ አንድ መልእክት ከ500 እስከ 1,500 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ሲስተሞቹ ፈቃድ የሚመዘግቡ፣ «አቁም» ያለውን ራሳቸው የሚያወጡ ናቸው። ይህን ልማዳቸውን ውሰጂ። ክፍያው በዶላር ነው፣ የሚሰጡሽ ቁጥርም የውጭ ነው። የጅማ ሰው በ+1 ከሚጀምር ቁጥር ስለ ጅሬን ቤት ቢጻፍለት አያምንም።

ሁለት ሺህ ፈላጊ የደረሰሽ ዕለት፣ ወይም ከአንድ አልሚ ጋር ውል ገብተሽ ብዙ ቤት የያዝሽ ዕለት፣ የቴሌኮሙን መንገድ እንደገና አስቢው። ያኔ ሻጩን ለአማርኛ በስንት ፊደል እንደሚያስከፍል ጠይቂው። «ተልኳል» እና «ደርሷል» የሚለውን ለይቶ ያሳይ እንደሆነም ጠይቂ፤ ስልኩ የተዘጋ ሰው «ተልኳል» ውስጥ ይገባል፣ አልደረሰውም ግን። ውሉ ሲያልቅ ዝርዝርሽን በኤክሴል አውጥተሽ መውሰድ እንደምትችዪም በጽሑፍ ይስጥሽ።

እስከዚያው ግን ለሥራው ብቻ አንድ ሲም አውጪ፤ በራስሽ ስም ይመዝገብ። አብረውሽ የሚሠሩት ሁለቱ በየግል ቁጥራቸው ለፈላጊ ሲጽፉ፣ አንዱ ሥራ የለቀቀ ቀን ደንበኛውም አብሮት ይሄዳል። ያንን ሲም የያዘው ስልክ ቢሮ ይደር፣ ተራ ገብታችሁ መልሱለት። ነገ ጠዋት 25 ሰው መርጠሽ ጀምሪ። ከእነሱ ስንቱ «1» እንዳለ፣ ስንቱን ቅዳሜ ቤት እንዳሳየሽው ወረቀት ላይ ያዢና ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን መልእክት አብረን እንሠራዋለን።